ብርሃን ሲበዛ የምጨነቀው፣ ሲጨልም የምረጋጋው ለምንድን ነው?

አመሻሽ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ጽሑፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ ግን ይውጣልኝ ብያለሁ።

ሰው ፊት መሆን ይከብደኛል። ጓደኞቼ «ዝምተኛዋ» ይሉኛል፣ ነገሩ ግን ከዝምታም ከዓይነ አፋርነትም ያለፈ ነው። ስብሰባ ካለብኝ ከሁለት ቀን በፊት ሆዴን ያመኛል። ተናግሬ ከወጣሁ ደግሞ ያልኩትን እያንዳንዱን ቃል እየመለስኩ ሳላምጠው አድራለሁ። ባለሙያ ጋ ሄጄ ማኅበራዊ ጭንቀት፣ ብዙዎቻችሁ ሶሻል አንዛይቲ የምትሉት፣ እንዳለብኝ ተነግሮኛል። ዛሬ የምጠይቃችሁ ግን ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ስለ ብርሃን።

ባለፈው ሳምንት ሥልጠና ላይ ነበርኩ። አሠልጣኙ በፕሮጀክተር የሆነ ነገር ሊያሳየን መብራቱን አጠፋው። መጋረጃውም ዝግ ነበር። የሚታየው ስክሪኑና የሰዎች ጀርባ ብቻ ነው። እና ምን ሆነ መሰላችሁ፣ እጄን ሳላወጣ ጥያቄ ጠየቅሁ። እኔ! ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። አሠልጣኙ መለሰልኝ፣ እኔም መልሱ ላይ ሌላ ጥያቄ ጨመርኩ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለስን። ገና ዓረፍተ ነገሬ መሃል ላይ እያለሁ አንዱ ተነሥቶ መብራቱን ቀጭ አደረገው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ምናልባት የዞረው ሦስት ሰው ይሆናል፣ ለእኔ ግን ሰው ሁሉ ነበር። አፌ ደረቀ። የጀመርኩት ነገር የት እንደሚያልቅ ጠፋኝ። «በቃ ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ» ብዬ አቆምኩ፣ ምንም ሳይገባኝ። እጄን ከጠረጴዛው ሳነሣ የመዳፌ ቅርጽ በላብ ታትሞ ቀርቷል። አምስቱም ጣት። ከዳር ከዳር እየደረቀ እስኪጠፋ ድረስ ዓይኔን ከሱ ላይ አላነሣሁም።

ክፍሉ ያው ነው። ሰዎቹም ያው ናቸው። የተለወጠው መብራቱ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ራሴን ስታዘብ ነገሩ ኑሮዬን በሙሉ ይዞት ኖሯል። ከቤት የሚያስወጣኝን ጉዳይ ሁሉ የምጨርሰው ሲመሻሽ ነው። ቀን ከወጣሁ የምሄደው በጥላው በኩል ነው። የቪዲዮ ስብሰባ ሲኖር ካሜራዬ ዝግ ነው፣ ክፈቺ ካሉኝ ደግሞ መስኮቱን ከኋላዬ አድርጌ እቀመጣለሁ፣ ፊቴ ጥቁር ሆኖ እንዲታይ። የልቤን የማወራው በስልክ ነው፣ እሱም መብራት አጥፍቼ አልጋዬ ላይ ሆኜ። የመኝታ ቤቴ መጋረጃ ከተከፈተ ስንት ጊዜው እንደሆነ እንጃ።

የሚያስጨንቀኝ ብርሃኑ ራሱ ነው ወይስ መታየቱ? ጨለማ ውስጥ መረጋጋቴንስ ልጠቀምበት ወይስ እየጎዳኝ ነው? እንዲህ የሆነ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ባለሁዲው፦

እህቴ፣ የጻፍሽው የእኔን ታሪክ ነው። እኔ ጋ መደበቂያው ጥቁር መነጽር ነበር። 4 ዓመት ገደማ ከፊቴ አልወረደም። ቤት ውስጥም፣ ሊፍት ውስጥም፣ ደመና ሲሆንም። ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ዓይኔ ብርሃን አይችልም» እል ነበር፣ ቆይቼ ራሴም አመንኩት። ከላይ ደግሞ ሁዲ። ስሜ የመጣው ከዚያ ነው።

የመጀመሪያውን ጥያቄሽን እኔ በራሴ ላይ ሞክሬ ነው መልሱን ያገኘሁት። ቴራፒስቴ አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦ መነጽሩን አውልቅና ጠርዙ ሰፊ ኮፍያ አድርግ። ዓይንህ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ይቀንሳል፣ እንዴት እንደምትሆን እንይ። አደረግሁት። ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ አትገባም፣ ጥላው ግንባሬን አልፎ እስከ አፍንጫዬ ይደርሳል። ልቤ ግን ድው ድው ይል ጀመር፣ መንገዱን ሳልጨርስ ተመለስኩ። ያኔ ገባኝ። መነጽሩ ብርሃን አልነበረም የሚከላከልልኝ። ዓይኔ የት እንደሚያይ ሰው እንዳያውቅብኝ ነበር የሚያደርገው። እኔ አያለሁ፣ እነሱ አያዩኝም። ነገሩ ይሄ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ላይ እንደ ወንድም በግልጽ ልንገርሽ። እየጎዳሽ ነው። መነጽሩን አድርጌ በሄድኩ ቁጥር ምንም አይደርስብኝም፣ እኔም «መነጽሩ አዳነኝ» እላለሁ። ያለ መነጽሩም ምንም እንደማይደርስብኝ የማይበት ዕድል አልነበረኝም። ስለዚህ ፍርሃቱ ባለበት ቆየ፣ እንዲያውም ጨመረ። በኋላ ላይ መነጽሬ ተሰብሮ አንድ ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣሁም። አንድ ሳምንት! ነገ ዛሬ ሳትዪ መጋረጃሽን ክፈቺ።

አድማጭ፦

አመሻሽ፣ ስለጻፍሽ ደስ ብሎኛል። የአእምሮ ጤና ላይ ነው የምሠራው፣ ግን እዚህ የምጽፈው የሚያይሽን ባለሙያ ተክቶ አይደለም። ጥያቄሽ በጣም ጥሩ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ብርሃን ለብቻው፣ ሰው በሌለበት፣ የሚያስጨንቅ ነገር አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። በ2021 የወጣ አንድ ጥናት ጤናማ ሰዎችን የአንጎል መቃኛ ማሽን ውስጥ አስገብቶ መብራት እያበራና እያጠፋ አይቷቸዋል። ብርሃን ሲኖር አሚግዳላ የሚባለው፣ አደጋ ሲመጣ ደወል የሚደውለው የአንጎል ክፍል፣ ሥራው ቀዝቀዝ ይል ነበር። ሲጨልም ደግሞ ይህ መቀዝቀዝ አልታየም። ከዚያ በፊት በ1997 ክርስቲያን ግሪሎንና ባልደረቦቹ ሰዎችን በድንገተኛ ድምፅ እያስደነገጡ ለክተዋል። ጨለማ ውስጥ ያለ ሰው የበለጠ ይበረግጋል። አይጥ ላይ ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው፣ አይጥ የምትበረግገው ኃይለኛ ብርሃን ውስጥ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አይጥ የሌሊት ፍጡር ናት፣ ብርሃን ማለት ለእሷ በአዳኝ መታየት ማለት ነው። ሰው የቀን ፍጡር ነው፣ የሚፈራው የማያየውን ነው።

አሁን ማኅበራዊ ጭንቀት ምን እንደሚሠራ ተመልከቺ። አንቺን ከሰው ቦታ አንሥቶ አይጧ ቦታ ላይ ያስቀምጥሻል። ሰዎች አዳኝ ይሆናሉ፣ መታየት አደጋ ይሆናል። ስለዚህ ሰውነትሽ ቀን ላይ ማድረግ የማይገባውን መሸሽ ይሸሻል። ባለሁዲው በኮፍያው ያገኘው ትክክል ነው። ችግርሽ መብራቱ ሳይሆን መብራቱ የሚያመጣው ዓይን ነው።

ጨለማ ሰውን እንደሚፈታ ደግሞ አንቺ ብቻ አይደለሽም ያየሽው። በ1973 ኬኔት ገርገንና ባልደረቦቹ የማይተዋወቁ ወጣቶችን ድቅድቅ ያለ ጨለማ ክፍል ውስጥ አስገብተው ለአንድ ሰዓት ያህል ተዉአቸው። አንድ በአንድ ነው የገቡት፣ አንድ በአንድ ነው የወጡት፣ ማን ከማን ጋር እንደነበር አላወቁም። ሌላ ቡድን ደግሞ ያው ክፍል ውስጥ መብራት በርቶለት ገባ። መብራት ያላቸው ተራርቀው ተቀምጠው ሰዓቱን በወሬ ጨረሱት። ጨለማ ውስጥ የነበሩት ግን ወሬያቸው እየቀነሰ ሄዶ ወደ ቁም ነገር ገቡ፣ ተቀራረቡ፣ ግማሽ ያህሉ ተቃቀፉ። ቅርበት ተሰማን አሉ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። በአንዱ ሙከራ ላይ «ስትወጡ እናስተዋውቃችኋለን» ተብለው የገቡ ነበሩ። እነሱም ያው ጨለማ ውስጥ ናቸው፣ ግን እንደ ሌሎቹ አልተፈቱም። መብራቱ ገና ሳይበራ፣ እንደሚበራ ማወቃቸው ብቻ አሰራቸው።

ይሄን ለምን እነግርሻለሁ? ጨለማው የሚሠራው ማንም እንደማያገኝሽ ስታውቂ ብቻ መሆኑን እንድታዪ ነው። ሕይወት ግን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ መብራት አላት።

ያ መብራት ሲበራ «ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ» ያልሽው ላይም አንድ ነገር ልጨምር። በ2000 ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ ተማሪዎችን አሳፋሪ የመሰላቸውን ቲሸርት አልብሰው ሰው ወዳለበት ክፍል አስገቧቸው። ስንት ሰው ቲሸርቱን ያየ ይመስላችኋል ተብለው ሲጠየቁ ግማሽ ያህሉ አሉ። ያየው ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። ለዚህ ስሜት የሰጡት ስም ከመድረክ መብራት የተወሰደ ነው፣ ሰው ሁሉ የትም ሲሄድ ያ ክብ ብርሃን እሱ ላይ ብቻ የሚያበራ ይመስለዋል ለማለት። አንቺ ራስሽ «ምናልባት ሦስት ሰው» ብለሻል እኮ። ውስጥሽ ቁጥሩን ያውቀዋል።

ሻማ፦

እኔ ከናንተ ተቃራኒ ነኝ። እኔም ሰው እፈራለሁ፣ ግን የሚገለኝ ጨለማው ነው።

ደብዘዝ ያለ መብራት ያለበት ቦታ ሰዎች ጋ ስቀመጥ ፊታቸው አይታየኝም። አንዱ ሲስቅ በምን እንደሳቀ አላውቅም። ዝም ሲል ሰልችቶት ይሁን እያሰበ ይሁን አላውቅም። እና የማላየውን እኔ እሞላዋለሁ፣ የምሞላው ደግሞ ሁልጊዜ በክፉ ነው። አንድ ጊዜ የልደት ግብዣ ላይ መብራቱን ቀንሰው ሙዚቃ ከፈቱ። ከፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ልጅ አንድ ነገር ነገርኳት፣ ፊቷ እንዳለ ነው፣ አልተንቀሳቀሰም። ጠልታኛለች ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ ሰዓት በኋላ አንድ ቃል አልወጣኝም። በኋላ ስንወጣ በር ላይ ያለው መብራት ስር «ቅድም ያልሽኝን አልሰማሁሽም፣ ሙዚቃው ጆሮዬን ያዘኝ» አለችኝ እየሳቀች። ስንት ሰዓት ሙሉ በከንቱ ነው የተቃጠልኩት።

ብርሃን ካለ ቢያንስ የሰው ዓይን አያለሁ። ሰው ብዙውን ጊዜ ደግ ፊት ነው ያለው። ይሄን ለማየት ግን መብራት ያስፈልጋል። ስለዚህ አመሻሽ፣ ጨለማው የአንቺን ፊት ብቻ አይደለም የሚደብቀው፣ የእነሱንም ይደብቅብሻል። ሥልጠናው ላይ መብራት ሲበራ ዓይንሽ ጠረጴዛው ላይ ነበር ብለሻል። የዞሩት ሦስት ሰዎች ፊታቸው ላይ ምን እንደነበር አይተሻል?

አድማጭ፦

ሻማ፣ ይሄን ስለጻፍሽ አመሰግናለሁ፣ እኔ ካልኩት ሁሉ ይሄ ይበልጣል። ማኅበራዊ ጭንቀት ያለበት ሰው ሰው ፊት ሲቆም ትኩረቱ ወደ ውስጥ ይዞራል። ዴቪድ ክላርክና አድሪያን ዌልስ በ1995 ያስቀመጡት ሐሳብ ይሄ ነው። ሰውየው ከፊቱ ያሉትን ሰዎች ማየት ይተውና የልቡን ምት፣ የላቡን፣ የድምፁን መንቀጥቀጥ መከታተል ይጀምራል። ከዚያ ከሚሰማው ነገር ተነሥቶ «ሰው እንዲህ ሆኜ ነው የሚያየኝ» የሚል ምስል ይሠራል። ምስሉ ከእውነቱ በጣም የከፋ ነው። እንደ መነጽርና ሁዲ ያለው መከለያ ደግሞ ምስሉ ውሸት መሆኑን እንዳናይ ያደርገናል። የአመሻሽ ዓይን የላቡ ቅርጽ ላይ ተተክሎ መቅረቱ ልክ ይሄ ነው።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ አመሻሽ። የሚሰማሽ ሁሉ አይታይም። በ2003 ሳቪትስኪና ጊሎቪች ንግግር ሊያደርጉ ለተዘጋጁ ተማሪዎች «መጨነቃችሁ የመሰላችሁን ያህል አይታይም» ብለው ነገሯቸው። ይሄን አስቀድመው የሰሙት ካልሰሙት የተሻለ ንግግር አደረጉ። ሌላ ምንም አልተደረገላቸውም፣ ይሄን ማወቃቸው ብቻ ነው።

ፊቴ ይቀላል ብላችሁ ለምትጨነቁም አንዲት ነገር። ዳርዊን በ1872 ስለ ሰው ስሜት ሲጽፍ ስለ ፊት መቅላት አንድ ምዕራፍ ሰጥቶታል። ፊታቸው ቶሎ የሚቀላ አንዳንድ ሴቶች በጨለማም ፊታችን ሳይቀላ አልቀረም ብለውታል። ማለትም ሀፍረቱ የግድ ዓይን አይፈልግም። ዓይኑን እኛው በሐሳባችን ይዘነው እንዞራለን።

ነጭ መብራት፦

ሁላችሁም መታየት ነው ብላችሁ ጨረሳችሁት፣ እኔ ግን አንድ ነገር ይቅደም እላለሁ። ብርሃኑ ራሱም የሚያውክበት ሰው አለ።

እኔ ማይግሬን አለብኝ። የምሠራበት ቢሮ ጣሪያው በሙሉ የድሮ ፍሎረሰንት ነበር። እዚያ ስገባ ከሰው ጋር ማውራት ያቅተኛል፣ ዓይኔ ይጨናበሳል፣ ጭንቅላቴ ይከብደኛል፣ ልቤ ይመታል። ለብዙ ጊዜ ሰው እፈራለሁ ብዬ አምኜ ነበር። እነዚያ የድሮ ፍሎረሰንቶች በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ በሚመላለስ፣ ሲሠሩ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ዓይን አይቶ «ብልጭ አለ» አይልም፣ አንዳንድ ሰው ላይ ግን ራስ ምታትና የዓይን ድካም ያመጣል። ሕዝብ የሚበዛበት ቦታ መሄድ የሚያስፈራቸው ሰዎች ላይ እንዲህ ያለ መብራት ጭንቀት ይጨምር እንደሆነ በ1990 ጥናት ተሠርቷል፣ ልባቸው ቶሎ ቶሎ ሲመታ ታይቷል። መብራቶቹ በአዲስ ሲቀየሩ ከግማሽ በላይ ተረጋጋሁ። የቀረው እውነትም ሰው መፍራት ነበር፣ እሱን ለብቻው ታከምኩ።

ደግሞ ሰው ሲጨነቅ አድሬናሊን የዓይኑን ብሌን ያሰፋዋል። ብሌን ሲሰፋ የሚገባው ብርሃን ይበዛል። ስለዚህ ሥልጠናው ላይ መብራቱ ሲበራ ዓይንሽን ያቃጠለሽ ከሆነ በሐሳብሽ የፈጠርሽው አይደለም፣ በተለይ ከጨለማ ወጥተሽ ስለነበር። ዓይን ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ከለመደ በኋላ ድንገት ሲበራ ማንንም ያጥበረብራል። አንቺ ያንን መጥበርበር ከሀፍረቱ ጋር አንድ አድርገሽ ቆጠርሽው ይሆናል።

ባለሁዲው «ነገ ዛሬ ሳትዪ መጋረጃሽን ክፈቺ» ያለውም ትንሽ ቸኩሏል ባይ ነኝ። ብዙ ጊዜ የተዘጋ ነገር በአንድ ቀን አይከፈትም።

አመሻሽ፦

እያለቀስኩ ነው ያነበብኳችሁ። አመሰግናለሁ።

ሻማ፣ ጥያቄሽ ልቤን ነካኝ። አላየሁም። የዞሩት ሰዎች ፊታቸው ላይ ምን እንደነበር አላውቅም። ትናንት አብራኝ የሠለጠነችውን አንዷን ደፍሬ በጽሑፍ ጠየቅኋት። ምን አለችኝ መሰላችሁ፦ «ጥያቄሽ የኔም ጥያቄ ነበር፣ ለምን ተውሽው ብዬ ነው የዞርኩት።» መልእክቷን ደጋግሜ አነበብኩት። አሁንም እያነበብኩት ነው።

ነጭ መብራት፣ ማይግሬን የለብኝም፣ ዓይኔንም ተመርምሬያለሁ፣ ደህና ነው። ብቻዬን በረንዳ ላይ ስሆን ፀሐይ ምንም አታደርገኝም። ስለዚህ የኔ መታየቱ ነው።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። እንቅልፌ ተገልብጧል። ማታ ሁሉ ሰው ሲተኛ እኔ እነቃለሁ፣ ያኔ ነው ሰላም የሚሰማኝ። ስልክ የሚደውል የለም፣ በር የሚያንኳኳ የለም። ሌሊት 9 ሰዓት ድረስ እቆያለሁ። ጠዋት ደግሞ ተጎትቼ ነው የምነሣው፣ መጋረጃው ተዘግቶ። ይሄም ከነገሩ ጋር ይገናኛል?

አድማጭ፦

በጣም ይገናኛል።

ዓይናችን ውስጥ ለማየት ብቻ ያልተሠሩ ሴሎች አሉ። ሜላኖፕሲን የሚባል ቀለም አላቸው፣ ሥራቸው ምን ያህል ብርሃን እንዳለ ለአንጎል ሰዓት መንገር ነው። ያ ሰዓት ጠዋት ላይ ብርሃን ካላገኘ ወደ ኋላ ይጎተታል። ማታ ላይ የስልክ ብርሃን ካገኘ ደግሞ የባሰ ይጎተታል። አንቺ ጠዋቱን አጨልመሽ ሌሊቱን አብርተሻል። ቀኑ የሚደርስብሽ እንቅልፍ ሳትጠግቢ ነው፣ እንቅልፍ ያጣ አንጎል ደግሞ የሰውን ፊት ሁሉ ክፉ አድርጎ ለማንበብ ይቀለዋል። ጭንቀቱ ይጨምራል፣ ስለጨመረ ማታውን ትናፍቂያለሽ። እንዲህ እየተጠመዘዘ ነው የሚሄደው።

ብርሃን ስንል ምን ያህል እንደሆነ ሰው አይገምተውም። መብራት በርቶበት ደህና ነው የምንለው ክፍል ከ100 እስከ 300 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ቢኖረው ነው። ደመና ያለበት ቀን እንኳ ውጪው ብዙ ሺህ ሉክስ ነው፣ ቀጥተኛ ፀሐይ እስከ 100,000 ይደርሳል። ስለዚህ መብራት ማብራት ሳይሆን መውጣት ነው የሚሻለው። ሰው በሌለበት ሰዓት፣ ገና ሲነጋ፣ 20 ወይም 30 ደቂቃ። ፀሐይዋን በቀጥታ አትዪያት፣ ከሰማይ ስር መሆን በቂ ነው። መታየት የሚያስፈራሽ ከሆነ በዚያ ሰዓት የሚያይሽ ሰው ጥቂት ነው፣ ፀሐይ ከወጣች ብርሃኑ ግን ከክፍል መብራት ይበልጣል።

ስለ ብርሃን ሕክምና ሰምታችሁ ይሆናል። ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ በ1984 ወቅት እየጠበቀ የሚመጣ ድብርትን ከገለጹ በኋላ የተስፋፋ ነው፣ ጠዋት ጠዋት 10,000 ሉክስ የሚያበራ መብራት ፊት ለ30 ደቂቃ ያህል መቀመጥ። ለዚያ ዓይነት ድብርት ይጠቅማል። የማኅበራዊ ጭንቀት መድኃኒት ነው ብላችሁ ግን እንዳትገዙ። ባይፖላር፣ ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም፣ ያለበት ሰው ወይም የዓይን ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይሞክረው፣ ስሜትን ከመጠን በላይ ሊያስነሣ ይችላል።

ጨለማውን ልጠቀምበት ወይ ላልሽው፣ እኔ ከባለሁዲው ትንሽ እለያለሁ። መሰላል አድርጊው። አሁን በደብዛዛ መብራት ማውራት ትችያለሽ፣ ያ ትንሽ ነገር አይደለም። ከምታምኛቸው አንድ ሁለት ሰዎች ጋር ቁጭ በዪና በዚያ ጀምሪ። በሚቀጥለው ጊዜ መብራቱን ትንሽ ጨምሪ፣ ከዚያ ካሜራሽን ክፈቺና መስኮቱን ከፊትሽ አድርጊ፣ ከዚያ የቀን ብርሃን። እያንዳንዱ እርከን ላይ ቆዪበት፣ ጭንቀቱ ወጥቶ እስኪወርድ። ሳይወርድ ሮጠሽ ከወጣሽ አንጎልሽ የሚማረው መሮጡን ነው። እዚያ ስትቆዪ ደግሞ ዓይንሽን ከእጅሽ አንሥተሽ አንድ ሰው ላይ አሳርፊ፣ የሸሚዙ ቀለም ምንድን ነው፣ ምን እያለ ነው፣ እሱን ተከታተዪ። ይሄን ከሚያይሽ ባለሙያ ጋር አብራችሁ ብታቅዱት ይመረጣል፣ ብቻሽን ስትሆኚ እርከኑን መዝለል ያጓጓል።

ባለሁዲው፦

እውነት ነው፣ ቸኩዬ ነበር። የደረሰብኝን ስላስታወሰኝ ነው። እኔም እኮ በአንድ ቀን አይደለም ያወለቅሁት። መጀመሪያ ሊፍት ውስጥ ብቻ ነበር። በር ሲዘጋ አወልቃለሁ፣ ሲከፈት አደርጋለሁ። ከዚያ 10 ደቂቃ መንገድ ላይ። ከዚያ ሒሳብ ስከፍል፣ ገንዘብ የምትቀበለኝን ልጅ በዓይኔ አይቼ አመሰግናለሁ ማለት። ይሄኛው ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። ዓይኗ ቡናማ ነበር። ከዚያ በፊት ስንት ዓመት ስመላለስ የአንድም ሰው የዓይን ቀለም አላውቅም ነበር።

አሁን መነጽሩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ፀሐይ ሲከብድ አደርገዋለሁ፣ ለፀሐይ ብዬ።

ሻማ፦

አመሻሽ፣ ያቺ የጻፈችልሽ ልጅ ጋ ጀምሪ። ጥያቄው የሷም ነበር ብላለች። አብራችሁ ቁጭ በሉና ጨርሱት፣ ያላለቀውን ዓረፍተ ነገር።

አመሻሽ፦

ከሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው።

ሁለት ጠዋት ወጣሁ። ሦስተኛው ቀን አልቻልኩም፣ አራተኛው ቀን ግን ወጣሁ። ገና ሲነጋ ማንም የለም፣ አንድ ሰውዬ ብቻ ውሻ ይዞ አልፎኝ «እንደምን አደርሽ» አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩት። ድምፄ የወጣው ቆይቶ ነው፣ ግን ወጣ። ሌሊቱን 7 ሰዓት ላይ ተኛሁ፣ ለእኔ ይሄ ብዙ ነው።

ከልጅቷ ጋርም ተገናኘን። መጀመሪያ ሲመሻሽ ብያት ነበር፣ በኋላ ራሴ ሰዓቱን ቀየርኩት፣ 10 ሰዓት አደረግሁት። ፀሐይ ገና አለች። መስኮት አጠገብ ነበር የተቀመጥነው፣ ብርሃኑ የግራ ጉንጬ ላይ ነበር፣ ሙቀቱ ይሰማኝ ነበር። የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ያህል ምን እንዳወራን አላስታውስም። ከዚያ ግን ልብሷን አየሁ፣ አረንጓዴ ሹራብ ነው፣ እጅጌው ላይ አንድ ክር ተመዝዟል። ስታወራ ክሩን በጣቷ ትጠቀልለዋለች። እሷም ሰው ፊት ስትሆን ይጨንቃታል። ሁለት ሳምንት ሙሉ አጠገቧ ተቀምጬ ይሄን አላየሁም ነበር።

ጥያቄውን ጨረስነው። መልሱ አሠልጣኙ ካለው ትንሽ ይለያል፣ ሰኞ ሥልጠናው ሲቀጥል እጄን አውጥቼ ልጠይቀው ነው። መብራቱ ሳይጠፋ።

ሻማ፦

ሰኞ ማታ እጠብቅሻለሁ። ጻፊልን።